የሁዶ ሚስማር

ቱሪያ ወርሳሜ ስትናደድ አትጮኽም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ልጅ የሚጠራው በጩኸት ነው፣ ባጃጅ የሚቆመው በጩኸት ነው፣ ፍቅርም ቢሆን በጩኸት ነው የሚነገረው። እሷ ግን ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ ያኔ የሚያውቃት ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። ማክሰኞ ዕለት፣ የስሌት ማዕከሉ በሩን ለከተማው ሕዝብ በከፈተበት ቀን፣ ድምጿ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር።

ደግሞስ ብትናደድ ይፈረድባታል? ነገሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ማዕከሉ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያለው። ሱፐር ኮምፒውተር የሚሉት ነገር እንደ ቁም ሳጥን የተደረደረ ጥቁር ብረት ነው፤ ቀን ከሌት ያጓራል፤ እንዳይግል ተብሎ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ድሬ በሙቀት ስትቀልጥ ሻል የሚያስደርብ ክፍል ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በጉብኝት ቀን ግማሹ ሰው ሳይንሱን፣ ግማሹ ብርዱን ፍለጋ ይመጣል። ሐኪሞች የወባ ትንኝ የት እንደምትራባ ያሰሉበታል፤ የእርሻ ሰዎች ማሽላው የቱን ዝናብ እንደሚችል ይጠይቁታል። ሉቅማን ደግሞ የጎርፉ ሰው ነው። ሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ከተማው ላይ እስኪወርድ ያለውን መንገድ ሁሉ ማሽኑ እንዲያሰላ የሚያደርገው እሱ ነው። ድሬ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ወንዙ እንደሚመጣ ተወላጁ ሁሉ ያውቃል። የማይታወቀው የት ድረስ እንደሚመጣ ነው።

ይኼንን ለማወቅ ማሽኑ ያለፈውን ማወቅ አለበት። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ውሃው የማን ቤት፣ የት ድረስ ደረሰ? ይኼ መጽሐፍ ላይ የለም፤ ያለው በሰው ልብና በሰው ግድግዳ ላይ ነው። ቱሪያ እዚህ ላይ ነው የገባችው። ሥራዋ ማዕከሉን ከሕዝቡ ጋር ማገናኘት ነው፤ ሜትሯን ይዛ የደቻቱን ዳር ቤት ለቤት ዞረችው። ከጎርፉ በኋላ የሰፈሩ ሰው ውሃው በደረሰበት ልክ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቷል። ግድግዳው በየዓመቱ ለዒድ ቀለም ይቀባል፣ ሚስማሩ ግን አይነቀልም። ለመንግሥት ሰው ያልተከፈተ በር ለሰፈሩ ልጅ፣ ለሁዶ ልጅ ለቱሪያ ተከፈተ፤ ሽማግሌዎች እያለቀሱ ሚስማራቸውን አሳዩዋት።

መጨረሻ ላይ የራሷ እናት ሁዶ ቀረች። ሁዶ ባሏን ወርሳሜን ያ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ከምንጣፉ ተነስታ፣ በጣቷ ሚስማሩን ነክታ፣ «እዚህ ደረሰ» አለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ምንጣፏ ተመለሰች። ቱሪያ ለካችና ጻፈች።

ይኼን ሁሉ ያደረገችው ለሥራ ብቻ ነው ብል ወላሂ ውሸት ነው። ለሉቅማንም ነበር። በማሽኑ ክፍል መስታወት በኩል እሱ ወዲያ ማዶ፣ እሷ ወዲህ ማዶ ሆነው ሲተያዩ፣ ሐኪሞቹ እንኳ ትንኛቸውን ትተው ይሳሳቁባቸው ነበር። እሱ የከዚራ ልጅ ነው፤ ግቢያቸው ቡገንቪሊያ የወረሰው፣ አባቱ ስሙ የተጠራ ነጋዴ። እናቱ ወይዘሮ ዱኒያ ልጇ የማንን ልጅ እንደወደደ ስትሰማ፣ «ከተማው ሙሉ ሴት እያለ ከጎርፍ ሰፈር?» ብላ አንድ ወር አኩርፋዋለች። በስንት ልመና ተሸነፈችና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጦ ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ መጣች። ሁዶ የክት ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አሳምራ ከፊት ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰውም ሊያይ መጥቷል። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ስምረት ግድግዳ የሚያህለውን ስክሪን አበራች። ካርታው ወጣ፤ ውሃው የሚሄድበት ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ የነካው ሰፈር ሁሉ ደጋው ላይ ሲዘንብ አስቀድሞ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሰው አጨበጨበ።

ሁዶ ብቻ አላጨበጨበችም። አንገቷን አስግጋ ትፈልጋለች።

«የኔ ቤት የታለ?» አለች፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

የደቻቱ ዳር ግራጫ ነበር። ሰማያዊም ሆነ ሌላ ምንም ቀለም የለበትም። ዶክተር ስምረት መነጽሯን አስተካክላ፣ የዚያ ሰፈር መረጃ ገና እየተጣራ መሆኑን፣ እስኪጣራ ድረስ መልእክት እንደማይላክለት ተናገረች። ጎርፉ የወሰደው ሰፈር፣ ጎርፍ ሲመጣ የማይነገረው ሰፈር ሆነ ማለት ነው! ከኋላ ወንበር ወይዘሮ ዱኒያ ለጎረቤቷ፣ «ከካርታም ወጡ» ስትል ቱሪያ በጆሮዋ ሰማች።

ቱሪያ ሉቅማንን ፈለገችው። ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ዓይኑን አላነሳላትም። ምናለ አንዴ ቢያያት፣ አንዴ! ግራጫው ሳይሆን ያ የተደበቀ ዓይን ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ከሕንጻው ጀርባ፣ ማቀዝቀዣዎቹ የሚያጓሩበት ጓሮ ውስጥ ያዘችው።

«ማን ነው ያወጣው?»

«ምን? አልሰማሁሽም።» የማሽኑ ድምፅ ቃሏን ውጦባት ነበር። ጎንበስ አለላት።

«ሰፈሬን ከካርታው ማን አወጣው ነው የምልህ።»

«እኔ ነኝ።»

ሌላ ስም ይጠራል ብላ ጠብቃ ነበር። አንዱን ዶክተር፣ አንዱን አለቃ። የዚያን ሰው ፊት ልትቧጥጥ ጥፍሯን ስላ መጥታ፣ ፊቱ የሉቅማን ሆኖ ተገኘ።

«ቁጥሩ አልገጠመም ቱሪ» አለ እየተቻኮለ። «ማሽኑ የሚለውና ሚስማሮቹ የሚሉት አይገናኝም። እናንተ ሰፈር የተለካው ሁሉ አነሰ። እንዳለ ባስገባው የሌላውንም ሰፈር ስሌት ያበላሻል።»

«ዋሹ ማለት ነው።»

«እንደሱ አላልኩም!»

«እናቴ ዋሸች። ባሏ የሞተበትን ግድግዳ በጣቷ ነክታ ዋሸች። ስንት ዘመን የዘጋችውን አፍ ለዚህ ለጥቁር ሳጥንህ ብላ ከፈተችው፣ አንተ ደግሞ አነሰ አልክ።»

«ማንም አልዋሸም፣ እኔ የማውቀው ነገር አለ፤ ግን…»

«ግን ምን?»

«ከዓርብ በኋላ እነግርሻለሁ። እመኚኝ። ላንቺ ብዬ ነው።»

አይ ሉቅማን! ሌላ ምንም ቢል ይሻለው ነበር። ቢሰድባት እንኳ ይሻል ነበር።

«ለኔ ብለህ» አለች ቱሪያ ቀስ ብላ። «እናትህ ከወንበር ላይ ሆና ስትስቅብን፣ ለኔ ብለህ ጫማህን ታያለህ። ነገ ደጋው ሲዘንብ እናቴ በተኛችበት ውሃ ቢመጣባት፣ ለኔ ብለህ ነው?» መታወቂያ ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። «ዓርብ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌ ከመጣ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።»

ዞራ ሄደች። እሱ ተከተላት፣ ስሟን ጠራ፤ እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እንዳልሰማ ሰው ሆነች። ሰምታለች። እያንዳንዷን ጥሪ ሰምታለች።

የሁዶ ቤት በሩ አጭር ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ሉቅማን መጀመሪያ የመጣ ቀን መቃኑ ግንባሩን ብሎት ቤቱ በሳቅ ሞልቶ ነበር። «የከዚራ ልጅ ግንባሩን ሳይመታ ደቻቱን አያውቅም» ብላ ሁዶ በረዶ ይዛለት ነበር። እሱም ግንባሩን እያሸ ቤቱን ዞሮ አየና፣ ወለሉ ላይ ሊቀመጥ ምንም ያልቀረውን መስኮት እያሳየ፣ «ይኼን መስኮት ለድመት ነው እንዴ የሠራችሁት?» ብሎ ነበር። ቱሪያ ያንን ሳቅ አስታውሳ ጥርሷን ነከሰች።

እናቷ ቀድማ ገብታ ከነክት ልብሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጁ ምን አለ?»

«ተይው ሆዮ» አለች ቱሪያ፤ እናቷን የምትጠራት በሶማሊኛ ነው።

«እኔ አልተውም። ምን አለ?»

ቱሪያ እንደ ትፋት አወጣችው። ቁጥሩ አልገጠመም አለ። ውሃው ከሚስማሩ ይበልጣል ይላል ማሽኑ። ያንቺ ሚስማር አነሰበት።

እሷን ደግሞ ሌላ ነገር ያቃጥላት ነበር፤ ይኼን ከሉቅማን በቀር ለማንም አልተናገረችውም። ሚስማሩ ትከሻዋ ላይ ነው የሚደርሰው። አባቷ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ረጅም ነበር። ትከሻው ላይ የማይደርስ ውሃ እንዴት ያን የሚያህል ሰው ይገድላል? ሰፈሩ መልስ አለው፤ ወርሳሜ የሚነግደውን ሸቀጥ ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ ነው ይላል። ለስኳርና ለሩዝ ብሎ እሷን ያለ አባት ያስቀረ ሰው! ቱሪያ ይኼን እያሰበች ነው ያደገችው። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ከባድ ነው፤ መልስ አይሰጥም።

ሁዶ ግን ስለ ማሽኑ ሰምታ አልተቆጣችም። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

«አንቺ ከየት ጀምረሽ ነው የለካሽው?»

«ከየት ይሆናል? ከወለሉ።»

«ከየትኛው ወለል?»

«ሆዮ፣ ቤቱ ስንት ወለል አለው?»

ሁዶ ጭኗን በእጇ መታች። «ያ ረቢ! ይኼማ ጎርፉ ያመጣው ነው። ደለሉ ቤቱን ሞልቶት ማን አቅም ኖሮት ያውጣው? አባትሽን ቀብሬ ስመለስ፣ ጎረቤቶች ደልድለው ሲሚንቶ ደፉበት። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያው ነው። ወለላችን ከሥር ነው ያለው!»

ቱሪያ በሩን አየችው። መስኮቱን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትገባ አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም። የቆመችበት ነገር ወለል ነው ብላ፣ ቤት ለቤት ዞራ፣ የሁሉንም ሚስማር ከተቀበረው ወለል ሳይሆን ከላዩ ከተደፋው ሲሚንቶ ጀምራ ለካች። አንድም ሰው አላረማትም፤ ማንስ ያርማት፣ ሁሉም የቆመው እዚያው ላይ ነው።

ስሕተቱ የሷ ነበር። ማሽኑ ልክ ነው። ሉቅማንም ቁጥሩ ሳይገጥምለት ሲቀር፣ ግንባሩን የመታውን በርና የድመቱን መስኮት አስታውሶ ነው ያወቀው።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ አልቅሳ ይቅርታ ትጠይቀው ነበር። ቱሪያ ጭራሽ ባሰባት! አውቆ ነው ዝም ያላት። አንቺ ተሳስተሻል፣ ነይ እንደገና እንለካው ቢላት ምን ነበረበት? እንደ ባልደረባ፣ እንደ እኩያው። እሱ ግን የድሀ ሰፈር ልጅ ናት ትሰበራለች ብሎ፣ ከሠርግ በኋላ እስኪነግራት ሰፈሯን በሙሉ ግራጫ ቀባው።

ስልኳ በሉቅማን የይቅርታ መልእክት ተሞልቷል። አንዱን ብቻ መለሰች፦ «ዓርብ ሽማግሌ እንዳትልክ። ዶማና አካፋ ይዘህ ራስህ ና።»

መጣ። ከጁምዓ በኋላ፣ በነጭ ጀለቢያው፣ ዶማውን በትከሻው አድርጎ በደቻቱ ድልድይ ሲሻገር ያየው ሁሉ ተከተለው። «የከዚራ ልጅ ዶማ ይዞ! ዋሪያ፣ ወርቅ ተገኘ እንዴ?» የሚለው በዛ። በሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«እማማ ሁዶ፣ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ…»

«አቦ፣ አንቺ በለኝ! ድሬ ላይ አንቱታ ከመቼ ወዲህ ነው? ግባና ቆፍር።» ምንጣፉን ራሷ ጠቅልላ አነሳችለት።

ቱሪያ ከሚስማሩ ሥር ቆመች። ሰላም አላለችውም። «እዚህ ጋ» አለች ብቻ።

ሲሚንቶውን ሰበረ። ደለሉ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል፤ ዶማው ይነጥራል። ጎረቤቶች በሩንና መስኮቱን ሞልተው ያያሉ። ላቡ ጀለቢያውን ጀርባው ላይ አጣበቀው፤ መዳፉ ተላጠ። ማንም አላገዘውም፤ ቱሪያ አታግዙት ብላለች። ጉድጓዱ ጉልበቱን አልፎ ጭኑ ድረስ ሲደርስ አካፋው ጠንካራ ነገር ነካ። በእጁ ጠረገው። አረንጓዴ የወለል ቀለም ወጣ።

«እሱ ነው» አለች ሁዶ ከኋላ። «ለሠርጋችን የቀባነው።»

ሉቅማን ቀና ብሎ ቆመ። ረጅም ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ መቃኑን ያስታውሳል። አሁን ሚስማሩ ከራሱ በላይ ነበር።

ቱሪያ ሜትሩን ዘርግታ ልትለካ መጣችና መንገድ ላይ ቆመች። ከሚስማሩ በታች ያለውን የሰው ራስ እያየች ነበር። ውሃው ትከሻ አልነበረም። ከሰው በላይ ነበር።

«አባትሽ እንደዚህ ነበር የቆመው» አለች ሁዶ። ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። «እዚያው ጋ። አንቺ ትከሻው ላይ ነሽ። እኔን መጀመሪያ ገፍቶ ጣሪያ ላይ አወጣኝ፣ ቆርቆሮውን ገንጥለው ጎረቤቶች ጎተቱኝ። ከዚያ አንቺን በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሳሽ። አፉ ውሃ ውስጥ ነበር። ከእጁ ተቀበልኩሽ። እሱን ልይዘው ስመለስ እጁ የለም።»

«ሸቀጥ ሊያወጣ ተመልሶ…» አለች ቱሪያ።

«ምን ሸቀጥ! ሰው የሚለውን ይበል።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሲለው አንቺ ዝም አልሽ! ለምን?»

«በኔ የተነሳ ሞተ እያልሽ እንዳታድጊ ብዬ። ላንቺ ብዬ ነው ልጄ።»

ያኔ ቱሪያ ጮኸች። ያን ቀን ደቻቱ ዳር የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«ለኔ ብላችሁ! ሁላችሁም ለኔ ብላችሁ! አባቴን ስረግመው ኖሬአለሁ፣ ሆዮ! ስንት ዒድ ወደ መቃብሩ ስትሄጂ አሞኛል ብዬ ቀረሁ! ሰው እንዲህ ሞቶልኝ ስግብግብ እያልኩት አደግኩ!» ወደ ጉድጓዱ ዞረች። «አንተም! ምስጢሬን ለማን ነገርኩ? ላንተ! ቁጥሩን ስታይ አባቴ ለምን እንደሞተ አውቀሃል። አውቀህ ዝም አልክ!»

«አውቄ ነበር» አለ ሉቅማን። ቀና ብሎ ያያታል፤ ዛሬ ጫማውን አላየም። «ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ሳይ አባትሽን አሰብኩ። ከዚያ የምታለቅሺውን ለቅሶ አሰብኩና ፈራሁ። አንቺን አልናቅኩም ቱሪ፤ ፈሪ ነኝ። ማክሰኞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያጠፋሁትን በዚያው ሰው ፊት እመልሳለሁ። ቤት ለቤት እኔ እቆፍራለሁ፣ አንቺ ትለኪያለሽ። አላገባህም ብትይኝም እቆፍራለሁ።»

ቱሪያ አለቀሰች፤ የንዴት ለቅሶ፣ አፍንጫ የሚያሳብጠው፣ የሚያሳፍረው ዓይነት። በዚያ እንባ ውስጥ ስታየው፣ ከሚስማሩ ሥር፣ እስከ ጭኑ አፈር ውስጥ የቆመ ረጅም ሰው ሆኖ ታያት። አባቷ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

«ውጣ ከዚያ» አለችው።

«ልኬቱን ሳንይዝ?»

«ውጣ አልኩህ! እዚያ ቆመህ ላይህ አልችልም!» ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችለት።

የተላጠ፣ ጭቃ የለበሰ እጁን ሰጣት። ለብቻዋ ከበዳት። ሁዶ የክት ሽቲዋን ሳትሰበስብ አፈሩ ላይ ተንበርክካ ሌላውን እጁን ያዘች። እናትና ልጅ ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ጎተቱት፤ ወጣ።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው ቱሪያ።

«አውቃለሁ።»

እጁን ግን አልለቀቀችም። ሁዶም አልለቀቀችም።